የትኛው በግ ይታረድ፣ የትኛው ይቅር? ጎጃም ውስጥ ዋሸራ የተባለውን የበግ ዘር የሚያረቡ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓመት በዓል ሲደርስ ከመንጋው የሚወጣውን በግ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን ነጋዴው ነው። ዳንግላም ሆነ አዴት ገበያ ላይ የሚፈለገው ፈጥኖ ያደገ፣ ላቱ የሞላ ቀይ ወጠጤ ነው። እሱ ይሄዳል፣ ገዢ ያጣው ወደ ቤት ይመለሳል። በዓመቱ ደግሞ "ግልገሎቹ አላድግ አሉ" ተብሎ መኖው ይወቀሳል።

ምርጡን መሸጥ፣ ውራጁን ለዘር ማስቀረት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢነገርም የሚሰማ የለም። ቀድሞ ለገበያ የሚደርስ ወንድ ማለት ፈጥኖ የሚያድግ ማለት ነው። ዓመት ሳይሞላው ዋጋ ስለሚያወጣ ይሸጣል፤ ካልተሸጠም ሙክት ይሁን ተብሎ ይኮላሻል። ያልፋፋው ወንድሙ ግን እስኪደርስ ተብሎ ዓመት ከመንፈቅ እናቶቹ መሃል ይከርማል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያስረግዘው እሱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቀስ ብሎ ማደግን በገዛ እጃችን ዘር አደረግነው።

ሒሳቡን አስቡት። አንዲት እናት በግ በ2 ዓመት ውስጥ ቢበዛ 3 ጊዜ ብትወልድ ነው። አንድ አውራ ግን ለ25 እናቶች ቢቀመጥ፣ እያንዳንዳቸው 2 ጊዜ ብቻ ቢወልዱ እንኳ የ50 ግልገል አባት ይሆናል። በእናት ምርጫ መሳሳት ያከስራል፤ በአውራ ምርጫ መሳሳት ግን መንጋውን ያበላሻል።

"የፋሲካ ዋጋ ያመልጠኛል" የሚለው ሰበብ አያስኬድም። ምርጡን አውራ ሴት ልጆቹ ለአውራ እስኪቃረቡ ድረስ አገልግሎት ካሰጣችሁት በኋላ ኮላሽታችሁ በፋጉሎና በፉርሽካ 3 ወር ብታደልቡት በሙክት ዋጋ ይሸጣል። ገንዘቡ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ምርጫው የሚጀመረው በበዓሉ ዋዜማ አይደለም። ግልገሎቹ በ3 ወር ገደማ ጡት ሲጥሉ ከወንዶቹ የተሻሉትን ሁለት ሦስት ለይቶ ምልክት ማድረግ፣ በ6 ወራቸው እንደገና አይቶ መቀነስ፣ ዓመት ሲጠጉ አንዱን ማስቀረት ነው። የተቀሩት ወንዶች ከ5 ወራቸው ጀምሮ ከሴቶቹ ይለዩ፤ ጠቦት ነው ብላችሁ የናቃችሁት ያስረግዛል። ግጦሹ የጋራ ከሆነ ደግሞ የጎጡ ሰው አብሮ መስማማት አለበት፤ አለዚያ የእናንተን እናቶች የሚያስረግዘው የጎረቤት ውራጅ ነው።

በዓይን ብቻ መምረጥ

ለዘር የታሰበ አውራ ሳይዳሰስ አይመረጥም። አንድ ሰው አንገቱን ይያዝ፣ እናንተ ከኋላ ተንበርክካችሁ ፍሬዎቹን በሁለት እጅ ያዙ። ሁለቱም መውረድ፣ መመጣጠንና ጠንከር ማለት አለባቸው። በጣት ወደ ታች ስትወርዱ ከእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ ላይ ለስለስ ያለች ጉብታ ታገኛላችሁ፤ እሷ ጤናማ ናት። የደደረ እባጭ፣ አንዱ የኮሰመነ ወይም ከነጭራሹ ያልወረደ ፍሬ ካለ ግን ያ በግ ለቢላ ነው። አለመውረዱ በዘር ስለሚተላለፍ "አንዱም ይበቃዋል" የሚለው ወሬ አይሠራም።

ቀጥሎ አፉን ክፈቱ። በግ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ የታችኞቹ 8 ጥርሶች ከላይኛው ድድ ጋር መገጣጠም አለባቸው። መንጋጋው የወጣ ወይም የገባ በግ ሣር በደንብ አይነጭም፣ ልጆቹም ሊወርሱት ይችላሉ። ዕድሜውም እዚያው አለ፦ የወተት ጥርስ ብቻ ከሆነ ዓመት አልሞላውም፤ መካከለኞቹ 2 በትልልቅ ከተተኩ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል፣ 4 ከሆኑ 2 ዓመት ገደማ፣ 8ቱም ከተተኩ ከ3 ዓመት በላይ ነው። ገበያ ላይ "የዓመት ነው፣ ገና ያድጋል" ተብሎ የሚቀርበው በግ አፉ ሲከፈት 4 ትልልቅ ጥርስ ካሳየ፣ ያላደገው ዕድሜ አንሶት አይደለም።

መንታውን ከነጠላው ጋር ማወዳደር

የአንዲትን እናት ወተት ለሁለት የተካፈለ ግልገል በ3 ወሩ ከነጠላው ማነሱ አይቀርም። ይህን አይቶ "ደካማ ነው" ብሎ መሸጥ መንታ የምትወልደዋን ዘር ማጥፋት ነው። መንታ ከመንታ፣ ነጠላ ከነጠላ፣ የክረምት ልጅ ከክረምት ልጅ ጋር ይወዳደር። የመጀመሪያ ወሊድ ልጅም ቢያንስ አትፍረዱበት። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ አንድ ደብተር ግን ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የከሳችውን እናት ሸጦ የወፈረችውን ማስቀረት

ወገቧ ላይ እጃችሁን ስታሳርፉ አጥንቷ የሚቆረቁር እናት ሁሉ በሽተኛ አይደለችም። ሁለት ግልገል እያጠባች ከሆነ የከሳችው ሥጋዋን ወተት አድርጋ ስለሰጠች ነው፤ ጡት ሲጥሉላት ትመለሳለች። ጀርባዋ የተደላደለው፣ ለዓይን የምታምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓመት ሙሉ ያልወለደች መሲና ናት፤ የምትታረደውም እሷ ናት። ጥርሷ የረገፈ፣ ጡቷ በበሽታ የደደረ፣ ደጋግማ የጨነገፈችም ትውጣ፤ ጭንጋፉንና የእንግዴ ልጁን ግን በባዶ እጅ አትንኩ። መጀመሪያ ወልዳ ልጇ ለሞተባት ቄብ አንድ ዕድል ስጧት።

የከሳችው አገጯ ሥር ውሃ ከቋጠረ ነገሩ ሌላ ነው። ረግረግ ላይ ለሚሰማሩ በጎች መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጉበት ትል ስለሆነ ከመሸጧ በፊት ሐኪም ይያት።

እርጉዟን ማረድ

በግ 5 ወር ታረግዛለች። ሆዷ በግልጽ የሚታየው መጨረሻው ላይ ስለሆነ "ወፈረች" ተብላ የምትታረድ ብዙ ናት። ካጋተች፣ ማለትም ጡቷ ለመውለድ ከሞላ፣ አለቀ፣ አትነካም። ገና ካላጋተች ደግሞ ከአውራ ጋር የዋለችበትን ጊዜ አስታውሱ፤ ካላወቃችሁ ሌላ ምረጡ።

ሌሎች

መልክ ዋጋ ያወጣል፤ ጥቁር በግ በርካሽ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ቢሆንም መልክ የሚታየው በዕድገትና በጤና እኩል የሆኑ ሁለት ወጠጤዎች መካከል ለመምረጥ ነው።

ትል ማርከሻ ወይም መርፌ የወሰደ በግ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ቀን ሳያልፍ አይታረድም።

አውራው የገዛ ልጆቹ ለአውራ ከመድረሳቸው በፊት ይቀየር። ቄብ በ7 ወይም በ8 ወሯ አውራ ልትፈልግ ስለምትችል ጊዜው እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። ከሌላ ጎጥ ሰው ጋር አውራ መለዋወጥ ወጪ የለውም፤ ከመቀበላችሁ በፊት ግን የሚመጣው ከእናንተው መንጋ በወጣ አውራ የተወለደ አለመሆኑን ጠይቁ።