ራውተሩ በርቶ ኢንተርኔት እምቢ ሲል፦ ሪሴት ከማድረግ በፊት

ክረምት ሲገባ ጅማ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ብዙ ሰው ወዲያው የሚያደርገው በራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ ሪሴት ማድረግ ነው። ሪሴት ግን አጥፍቶ ማብራት ማለት አይደለም፤ መስመሩን የሚከፍተውን የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል ጨምሮ በራውተሩ ላይ የተስተካከለውን ሁሉ ይሰርዛል። ህርማታ አካባቢ በአንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ችግሩ የላላ ኬብል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ራውተሩ ሪሴት ተደርጎ የውል ወረቀቱም በመጥፋቱ የአምስት ደቂቃው ሥራ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል። ስለዚህ አስቀድሞ መብራቶቹን ማየት ይገባል።

ሎስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ በፋይበሩ፣ ማለትም ከውጭ በሚገባው ቀጭን የብርሃን ኬብል፣ በኩል ወደ ሳጥኑ እየደረሰ አይደለም፤ በዚህ ጊዜ ቅንብሩን መነካካት ምንም አይፈይድም። ፋይበሩ በጠረጴዛ እግር ተጨፍልቆ ወይም በሹል ማዕዘን ታጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ መሰኪያውንም ነቅለው በጥንቃቄ መልሰው ይሰኩ። የተነቀለውን ጫፍ ግን ፈጽሞ በዓይንዎ አይመልከቱ፤ ጨረሩ ባይታይም ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ቀዩ ካልጠፋ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 መደወል ነው።

መስመሩ ጤነኛ ሆኖ የኢንተርኔት መብራቱ ካልበራ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው በፒፒፒኦኢ (PPPoE)፣ ማለትም ራውተሩ በተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል ወደ አቅራቢው መስመር በሚገባበት መግቢያ ላይ ነው። በራውተሩ ሆድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያለውን አድራሻ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1ን፣ በብሮውዘር ከፍተው ዋን (WAN) የሚለውን የውጭ መስመሩን ገጽ ይመልከቱ። የተጠቃሚ ስሙና ይለፍ ቃሉ ትክክል ሆነው መግቢያው እምቢ ካለ፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ የቀድሞው ግንኙነት በአቅራቢው በኩል ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ራውተሩን አጥፍተው አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። አንዳንዱ ድረ ገጽ እየተከፈተ ሌላው በግማሽ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ኤምቲዩ (MTU) የሚለውን፣ በአንድ ጊዜ የሚላከውን የመረጃ ጥቅል ትልቁን መጠን የሚወስነውን ቁጥር ይዩ። ፒፒፒኦኢ ከ1500 ባይቱ ላይ 8ቱን ለራሱ ስለሚወስድ ቁጥሩ 1492 መሆን አለበት።

ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ «ኢንተርኔት የለም» ካለ፣ ላፕቶፕም በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካሳየ፣ መሣሪያው ከራውተሩ አድራሻ አልተሰጠውም ማለት ነው። አንዳንዱ ስልክ እየሠራ ሌላው የማይሠራ ከሆነ ግን ለጓሮ ቤት ተብሎ የተጨመረ ሁለተኛ ራውተር ካለ ይጠርጥሩ፤ ሁለቱም አድራሻ ሲያድሉ ይጋጫሉና። የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ (DHCP)፣ ማለትም አድራሻ ማደያውን፣ ዘግተው አድራሻውን 192.168.1.2 ያድርጉ፤ ኬብሉንም ከአንዱ ራውተር ላን (LAN) መሰኪያ ወደ ሌላው ላን መሰኪያ ያገናኙ።

ቴሌግራም እየሠራ ድረ ገጽ የማይከፈት ከሆነ የተበላሸው ዲኤንኤስ (DNS)፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት ነው፤ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ማስገባት ይፈታዋል። ሆኖም ከመቀየርዎ በፊት ቀድሞ የነበረውን ቁጥር በጥሞና ይመልከቱ። እርስዎም ሆኑ አቅራቢዎ ያላስገባችሁት ባዕድ ቁጥር ከተገኘ፣ ወይም ስልኮች ሁሉ ወዳልፈለጉት ማስታወቂያ የሚወሰዱ ከሆነ፣ ሰው ወደ ራውተሩ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። መንገዱ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲመጣ እንደነበረ የተተወው «አድሚን» የሚለው ይለፍ ቃል ነው። ይህ ከዋይፋዩ ይለፍ ቃል የተለየ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም፤ ደጋግሜ የማሳስበውም ለዚህ ነው። የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ከውጭ ማስተዳደር የሚፈቅደውን ምርጫ ይዝጉ፣ የራውተሩን ሶፍትዌር ያድሱ፤ ዲኤንኤሱን የሚያስተካክሉት ከዚህ በኋላ ይሁን።

ኢንተርኔቱ ማታ ማታ የሚንቀራፈፍ ከሆነ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ይክፈቱ። የማያውቁት ስልክ ቢያገኙ አንዱን ለይቶ ማገድ ዘላቂ አይሆንም፤ ስልኩ የሚታወቅበት የማክ አድራሻ በቀላሉ ይቀየራልና። የዋይፋዩን ይለፍ ቃል ራሱን ይቀይሩ። በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥር ይለፍ ቃል ማድረግ ጅማ ውስጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሚገመተው ቀሪው ስምንት አኃዝ ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተር ፈጥኖ ይሰብረዋል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ቃላት በላቲን ፊደል አቀላቅሎ መጻፍ እጅግ ይሻላል። የደህንነት ዓይነቱ ደብሊውፒኤ2 (WPA2) ከኤኢኤስ (AES) ጋር፣ ካለም ደብሊውፒኤ3 (WPA3) ይሁን። ይለፍ ቃል ሳይጻፍ በአጭር ቁጥር ወይም በቁልፍ የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስንም (WPS) ይዝጉት፤ ባለ 8 አኃዝ ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚረጋገጥ ለመስበር 11,000 ያህል ሙከራ ብቻ እንደሚበቃ በ2011 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ደንበኛ የሚያስተናግድ ሱቅ ከሆነ የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻው መክፈት ይገባል።

ሁሉም ተሞክሮ ሪሴት ግድ ከሆነ፣ ራውተሩ የሚከፈት እስከሆነ ድረስ በቅድሚያ ቅንብሩን በፋይል ያስቀምጡ፤ የፒፒፒኦኢውን ስምና ይለፍ ቃልም ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ሳያዛቡ በወረቀት ጽፈው ከውሉ ጋር ያኑሩ። ከዚያ ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እስኪመለሱ ይጠብቁ።