ማውሱ ብቻውን ሲሄድ፦ ስክሪን ከማጋራት የሚመጣ ጣጣና መፍትሄው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለው የኮምፒውተር ሱቄ ማውሱ ብቻውን ሄደብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት አድርግልኝ።» ኧረ ቆዩ! ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለማየትና ለማዘዝ የሚያገለግሉት ኤኒዴስክና ቲምቪወር ሕጋዊ ፕሮግራሞች ስለሆኑ አንቲቫይረስ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ፎርማት ካደረጋችሁ ደግሞ ማን እንደገባ የሚያሳየው ፋይል አብሮ ይጠፋል፤ የተሰረቀው ፓስወርድ ግን ሌባው እጅ ይቀራል።

ምልክት፦ ማውሱ ብቻውን ይንቀሳቀሳል።

በድሬ ሙቀት ላብ ያረጠበው ታችፓድም ከርሰሩን ያዘልላል። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በላብ የሚዘል ከርሰር መድረሻ የለውም። ሰው የያዘው ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ፎልደር ይከፍታል፣ ብሮውዘር ውስጥ የተቀመጡ ፓስወርዶችን ይፈልጋል።

ምክንያት፦ ከአሥር ዘጠኙ ማለት እችላለሁ፣ ኤኒዴስኩ ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚያስገባ ፓስወርድ ተሞልቶ ቀርቷል። ኤኒዴስክ ከተጫነ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ የኮምፒውተሩን የኤኒዴስክ ቁጥርና ያን ፓስወርድ የያዘ ሰው «ተቀበል» የሚል ሳይጫንለት ይገባል።

መጋላ ያለ አንድ ትራንዚተር ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ መግለጫ) የሚሠራበት ነው፣ የደንበኞቹ ኢንቮይስ በሙሉ እዚያ ላይ አለ። ፕሮግራም ዳታ በሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን የኤኒዴስክ ፎልደር ከፍቼ ኮኔክሽን ትሬስ የሚባለውን የጽሑፍ ፋይል አሳየሁት። እያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ሰዓትና የገባውን ሰው ቁጥር ይዟል። ባለቤቱ ራሱ ሲፈቅድ «ዩዘር» ይላል፣ በፓስወርድ ሲገባ «ፓስወርድ» የሚለውን አሳጥሮ ይጽፋል። የመጀመሪያው መስመር «ዩዘር» ነበር፤ የሂሳብ ሶፍትዌር የጫነለት ባለሙያ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ሁሉ በፓስወርድ፣ ሁሉም ከሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ። ሰውየው ስክሪኑን እያየ ላቡን ጠረገ። ያ ባለሙያ ለደንበኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ሲሞላ እንደኖረ በኋላ ደረስኩበት። ይህ ሥራ አይደለም! የሰው ቤት ቁልፍ አባዝቶ እንደ መበተን ነው።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ የኢንተርኔት ኬብሉን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ። ያን ፋይል ወደ ፍላሽ ቅዱ። የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዳችሁን በሌላ መሣሪያ ቀይሩ፤ በተነካው ኮምፒውተር ላይ ከቀየራችሁ አዲሱንም እያሳያችሁት ነው። ከዚያ ፕሮግራሙን ስታጠፉ ሴቲንጉም አብሮ እንዲጠፋ ምረጡ፤ አለዚያ መልሳችሁ ስትጭኑት አሮጌው ፓስወርድ አብሮ ሊመለስ ይችላል። የማታውቁት ዩዘር አካውንት እንዳልተከፈተና ሌላ የሪሞት ፕሮግራም እንዳልተጫነ ሳታዩ ኬብሉን አትመልሱ። ሰርጎ ገብ አንድ በር ሲከፈትለት ሁለተኛውን ለራሱ ያዘጋጃል።

ምልክት፦ «ኮዱን ለማንም አልነገርኩም፣ ብሬ ግን ሄደ።»

ታይዋን ገበያ የምትነግድ እናት እያለቀሱ ነገሩኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ከባንክ ነኝ ያለ ሰው ደውሎ የስልካቸውን ስክሪን በፕሮግራም እንዲያጋሩት አድርጓቸዋል። የባንኩ ማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ሲመጣ ከላይ ብቅ አለ፣ እሱም ከእሳቸው ቀድሞ አነበበው። ስክሪን ያጋራ ሰው ኮዱን አፍ አውጥቶ መናገር አያስፈልገውም። መፍትሄው ኢንተርኔቱን ማጥፋት፣ በሌላ ስልክ ባንኩን ደውሎ ሂሳቡን ማሳገድ፣ ቀጥሎ አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ከፍቶ ለስክሪን ማጋሪያው ፕሮግራም የተሰጠውን ስልኩን የማዘዝ ፈቃድ መንጠቅ ነው። ማንኛውም ባንክ ስክሪንህን አሳየኝ ብሎ አይደውልም። አይደውልም!

ስክሪኑ በድንገት ጠቆረ? እንግዳው የሚሠራውን እየደበቀ ሊሆን ይችላል፤ ኬብሉን ንቀሉ።

ራውተር ላይ ፖርት 3389 (ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር ለማዘዝ የሚያስችለው የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ በር) ተከፍቶ ከተገኘ ዝጉት፤ በ2019 የወጣው ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ በዚሁ ሪሞት ዴስክቶፕ በኩል ነው።

አሮጌ ኤኒዴስክ በፍላሽ ከሰው አትቀበሉ። ድርጅቱ ራሱ ሰርቨሮቹ ውስጥ ሰርጎ ገብ እንደገባ በፌብሩዋሪ 2024 አሳውቆ፣ ፕሮግራሙ የእሱ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ፊርማ ቀይሯል፤ ስለዚህ አሮጌው ፊርማ ያለበትን አትመኑ።

የግድ ማጋራት ካለባችሁ ሙሉ ስክሪኑን ሳይሆን አንዷን መስኮት ብቻ አጋሩ፣ ኖቲፊኬሽን አጥፉ፣ ሰውየው ጨርሶ እስኪወጣ ከወንበራችሁ አትነሱ። ያ ትራንዚተር የመጀመሪያ ቀን ባለሙያውን አስገብቶ ቡና ሊጠጣ ወጥቶ ነበር፤ ፓስወርዱ የተሞላው ያን ጊዜ ነው።