ከካውንስል ጋር ስለ ሰፈር ደህንነት ስንነጋገር የምንሳሳታቸው ነገሮች

እንግሊዝ አገር የምንኖር ሐበሾች ሰፈሩ ሲበጠበጥ መጀመሪያ የምንለው «ፖሊስ የት ሄዶ ነው?» ነው። ትልቁ ስህተት እሱ ነው። በፈረንጆቹ 1998 የወጣው የወንጀልና የረብሻ ሕግ ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) እና ፖሊስ የሰፈርን ደህንነት አብረው እንዲሠሩ ያስገድዳል። በኋላ እሳት አደጋ፣ ጤናና ፕሮቤሽንም (የተፈረደባቸውን ሰዎች ከእስር ቤት ውጭ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት) ገብተውበታል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 17 ደግሞ ካውንስሉ ማንኛውንም ሥራ ሲሠራ ወንጀል መከላከልን እንዲያስብበት ያዛል። የጠፋ የመንገድ መብራት፣ የማይዘጋ የሕንጻ በር የካውንስሉም ጉዳይ ነው ማለት ነው። «ሰላም አጣን» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የመብራቱ ምሰሶ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፣ እሱን ጻፉላቸው።

ሁለተኛው ስህተት ዋትስአፕ ላይ ብቻ ማውራት ነው። ሌሊት ሰዎች ደረጃው ላይ ተሰብስበው ሲረብሹ ግሩፑ ይሞቃል፣ ቪዲዮ ይለጠፋል፣ ሁሉም ይናደዳል፣ ሲነጋ ግን የደወለ ሰው የለም። አጋሮቹ፣ ማለትም ካውንስሉ፣ ፖሊሱና ሌሎቹ፣ የአካባቢውን ችግር በየዓመቱ ይገመግማሉ፤ ቅድሚያ የሚሰጠውንም የሚወስኑት ከዚያ ተነስተው ነው። እነሱ ዘንድ ያልደረሰ ነገር ደግሞ እንዳልተፈጠረ ነው የሚቆጠረው። አስቸኳይ ከሆነ 999፣ ካልሆነ 101 ደውሉ። ስሜ ይወጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ክራይምስቶፐርስን (ከፖሊስ ውጭ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው) በ0800 555 111 ስሙን ሳይናገር ማሳወቅ ይችላል።

አንዴ አመልክቶ ተስፋ መቁረጥም አለ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ስለ ሰፈር ረብሻ በፈረንጆቹ 2014 በወጣው ሕግ ጉዳያችሁ እንደገና እንዲታይ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ብዙ ቦታ መስፈርቱ በ6 ወር ውስጥ 3 አቤቱታ ነው፤ ግን እያንዳንዱን ነገሩ በተፈጠረ በአንድ ወር ውስጥ ማቅረብ አለባችሁ። መስፈርቱ ከተሟላ ካውንስሉ፣ ፖሊሱና ሌሎቹ የተሠራውንና ያልተሠራውን አብረው አይተው ውጤቱን ለእናንተ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደነገራችሁ፣ የሰጧችሁ የማመልከቻ ቁጥር። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ! የእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ለእነሱ 1 ሰዓት ነው፤ 7 ብላችሁ ከጻፋችሁ ጠዋት ነው ብለው ያስባሉ።

ሌላው ደግሞ ነገሩ ካለቀ በኋላ መጮህ ነው። ካውንስሉ በአንድ መናፈሻ ወይም መንገድ ላይ መጠጥ መጠጣትን ወይም ተሰብስቦ መረበሽን የሚከለክል ትእዛዝ ከማውጣቱ በፊት ፖሊስንና የአካባቢውን ሰው ማማከር አለበት። ትእዛዙ እስከ 3 ዓመት ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል። መጠይቁ ሲላክ ዝም እንላለን፣ ልጆቻችን ሲቀጡ ግን «ማን ጠየቀን?» እንላለን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከትልልቆቹ ጋር ቁጭ ብሎ መጠይቁን መሙላት ይቻላል።

እሳት አደጋን የሚረሳውም ብዙ ነው። አፓርታማ ውስጥ በከሰል ቡና የምታፈሉ፣ ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። የለንደን እሳት አደጋ ቤት ድረስ መጥቶ በነፃ ያያል፣ በተለይ አረጋውያን ካሉ።

የመጨረሻው ስህተት ደግሞ ለስብሰባ ሁሌ ያንኑ አንድ አባት መላክ ነው። እሳቸውን እናከብራለን፤ ግን በቢላዋ እንዳይወጋ የሚፈራውን ወጣት ወይም ቤቷ ውስጥ የምትደበደበውን እህት ወክለው ሊናገሩ አይችሉም። የቤት ውስጥ ጥቃትም የዚህ የአጋሮች ሥራ አካል ነው፣ ገመና ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ አትናገርም። ስለዚህ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ጠይቁ። አስተርጓሚም ካውንስሉ ያምጣ፤ ልጇ ወይም የባሏ ዘመድ አያስተርጉምላት። እስከዚያው የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ ስልኩ 0808 2000 247 በነፃ፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።