ግቢ ለምትገቡ ፍሬሾች፡ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንዴት እንደምታልፉት

ምደባ ከወጣ በኋላ ቤት ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ስለ ትምህርቱ ነው፣ ይከብዳል አይከብድም፣ ፊዚክስ አለው የለውም ምናምን። እኔ ግን አምስት አመት ግቢ ኖሬ ያየሁት ሌላ ነው፣ ፍሬሽን ብዙ ጊዜ የሚጥለው የትምህርቱ ክብደት አይደለም፣ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) እስኪደርስ ባሉት ሳምንታት «ቆይ በኋላ» እያለ የሚያሳድራቸው ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ያልሞላው ፎርም፣ ያልጠየቀው ጥያቄ፣ ለማንም ያልነገረው ህመም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜን ብልከው የምነግረውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

1. ከቤት ሳትወጡ

የዩኒቨርሲቲውን ስም ሳይሆን የትኛው ካምፓስ እንደደረሳችሁ እዩ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ አጥር ውስጥ አይደሉም። ባህር ዳር የደረሰው ልጅ መናኸሪያ ወርዶ ባጃጁን «ዩኒቨርሲቲ ውሰደኝ» ቢለው መልሱ «የትኛው፣ ፔዳ ነው ፖሊ?» ነው፣ ምክንያቱም በ1955 የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ እና የመምህራን ማሰልጠኛ የነበረው ፔዳጎጂ በ1992 ዓ.ም ተዋህደው ነው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት፣ ስማቸው እስከዛሬ አልለቀቃቸውም፣ ከነሱ ሌላ ደሞ ይባብ አለ ዘንዘልማ አለ። ጎንደር ማራኪ፣ ፋሲልና ቴዎድሮስ አለ። አዲስ አበባም 4 ኪሎ፣ 5 ኪሎና 6 ኪሎ እያለ ይሄዳል። በማታ ሻንጣ ይዞ ያለቦታው መውረድ ከባድ ነው፣ ጥሪውን ሁለቴ አንብቡት።

ወረቀቶቹ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ የ12ኛ ውጤት፣ 3 በ 4 ጉርድ ፎቶ፣ አሁን አሁን ፋይዳም ይጠየቃል። ኮፒውን ከቤት አብዝታችሁ አድርጉ፣ የምዝገባ ቀን በግቢው በር ያለው ኮፒ ቤት ሰልፉ አይቻልም። ዋናዎቹን ሻንጣ ውስጥ ከታችሁ አውቶብስ ጣራ ላይ እንዳትጭኑ፣ ከራሳችሁ አይለዩ፣ በዛ ላይ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት።

ልብስ ላይ ደሞ ቦታውን አስቡ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ እዛ የሚሄድ ሰው ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዝ፣ ሰመራ ወይ ጋምቤላ ለደረሰው ግን ቀለል ያለ አንሶላና አጎበር ነው የሚያዋጣው። ሁላችሁም ግን ለሎከር የሚሆን የራሳችሁን ጠንካራ ቁልፍ፣ ባልዲ፣ ጀሪካንና ዲቫይደር ያዙ። ዲቫይደር ያለው ልጅ ዶርም ውስጥ በአንድ ቀን ጓደኛ ያፈራል፣ ምክንያቱም ሶኬቱ አንድ ነው ስልኩ ደሞ ስድስት።

2. የገባችሁ ቀን

በር ላይ ወይ መናኸሪያ ባጅ ያደረጉ ሲኒየሮች ታገኛላችሁ፣ ከተማሪዎች ህብረት፣ ከሃይማኖት ማህበራቱ ከግቢ ጉባኤ፣ ከጀመዓ፣ ከፌሎሺፕ የመጡ፣ ሻንጣ ተሸክመው እስከ ዶርም የሚያደርሱ ልጆች ናቸው፣ ይሄ ግቢ ውስጥ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ልቤን የነካኝ ነው፣ የማያውቁህን ሰው እቃ በዝናብ ተሸክመው ሽቅብ ሲወጡ ማየት። ባጅ ለሌለው ሰው ግን ቦርሳ አትስጡ።

የዛን ቀን ድካም አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ቢሆንም ሶስት ነገር ሳትጨርሱ አትተኙ፦ ሪጅስትራር (የተማሪ መዝገብ ቢሮ) ጋ ስማችሁ በትክክል መመዝገቡን (የአባትና የአያት ስም ፊደል እስከ ዲግሪው ድረስ ይከተላችኋል፣ የእንግሊዝኛውን ስፔሊንግ ከ12ኛ ውጤታችሁ ጋር አስተያዩት)፣ የዶርም ቁጥራችሁን፣ እና የካፌ ካርዳችሁን። አይዲ ሲሰጣችሁ ፎቶ አንሱት። እኔ በሁለተኛው ሳምንት አይዲዬን ጥዬ አዲስ እስኪሰራልኝ ድረስ ላይብረሪ መግባት አልቻልኩም፣ ካፌ በር ላይም በየቀኑ ማስረዳት ነበረብኝ፣ ፎቶው ቢኖረኝ ግማሹ ችግር ይቀል ነበር።

ከዛ ኮስት ሼሪንግ የሚባል ፎርም ይመጣል፣ ብዙ ፍሬሽ ሳያነበው ይፈርማል። ነገሩ ውል ነው። የትምህርቱን ወጪ ቢያንስ 15 ፐርሰንት፣ ምግብና ዶርም ከተጠቀማችሁ ደሞ ሙሉውን፣ ተመርቃችሁ ስራ ስትይዙ ትከፍላላችሁ ማለት ነው፣ በየአመቱ ይሞላል። የሞላችሁትን ኮፒ አስቀምጡት፣ ከአመታት በኋላ ኦሪጅናል ዲግሪ ስትጠይቁ ሂሳቡ እዛ ላይ ነው የሚታየው።

እዚሁ ፎርም ላይ ነው ካፌ ወይስ ነን ካፌ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። ነን ካፌ ማለት ግቢ አትበሉም፣ የምግቡን ብር በወር ትቀበላላችሁ። የቀን በጀቱ ለረጅም ጊዜ 22 ብር ነበር፣ በ2017 ዓ.ም ነው ወደ 100 ብር ያደገው። የኔ ምክር ግልጽ ነው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ካፌ ሁኑ። ምግቡ የእናት ቤት አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ሽሮና ምስር ይደጋገማል። ግን ብሩ በእጅ ሲገባ ለስልክ ካርድ፣ ለጓደኛ ልደት፣ ለጫማ እያለ ወሩ አጋማሽ ላይ ያልቃል፣ ያለቀበት ልጅ ደሞ ተርቧል ብሎ ለማንም አይናገርም። ጨጓራ ያለበት ወይ ሀኪም የከለከለው ምግብ ያለ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ነን ካፌ ይሁን፣ ከሶስት አራት ልጆች ጋር ተዋጥቶ አንድ ምግብ ቤት በወር ኮንትራት ይነጋገር።

3. ዶርም

ከማታውቋቸው አራት ስድስት አንዳንዴም ስምንት ልጆች ጋር ነው የምትኖሩት፣ ከተለያየ ክልል፣ የተለያየ ቋንቋ። መጀመሪያ ማታ ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ ታፈጣላችሁ። አንዱ መጀመር አለበት፣ እናንተ ጀምሩ። ከቤት የመጣ ቆሎ ወይ ዳቦ ካለ አውጥታችሁ መሀል ላይ አድርጉት፣ ሌላ ንግግር አያስፈልግም።

በሳምንቱ ውስጥ ደሞ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ጽዳት ተራ እንዴት ነው፣ ውሃ ሲመጣ ማን ይቀዳል፣ እንግዳ ማደር ይችላል አይችልም፣ ስፒከር ይከፈታል አይከፈትም። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ዶርም ውስጥ ያየሁት ጸብ በሙሉ የተነሳው ከመብራትና ከውሃ ነው፣ አንዴ ከተጣላ በኋላ ደሞ ሰው የመጣበትን ብሄር እያነሳ ነገሩን ወደማይመለስበት ይወስደዋል። እባካችሁ የመብራት ጉዳይ የመብራት ጉዳይ ሆኖ ይቅር። የዶርም ልጆቻችሁን ሰላምታ በቋንቋቸው ተማሩ፣ ኦሮምኛ የሚናገረውን ልጅ ጠዋት ተነስታችሁ «አካም ቡልቴ» ብትሉት ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ። ችግሩ ከአቅማችሁ ሲያልፍ ፕሮክተሩ (የዶርም ኃላፊው) አለ፣ ለሱ መናገር ማሳጣት አይደለም።

4. ግሬድ እንዴት እንደሚሰራ

ይሄንን ማንም ቁጭ አድርጎ ስለማይነግራችሁ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ከ2012 ጀምሮ የመጀመሪያው አመት ለሁሉም የጋራ ኮርሶች ነው፣ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ማት፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ እያለ ይቀጥላል። ዲፓርትመንት ሲመደብ የሚታየው በዋናነት የዚህ አመት ውጤት ነው። ስለዚህ «ፍሬሽ ኮርስ ጨዋታ ነው» የሚሏችሁን ሲኒየሮች አትስሙ።

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ እያንዳንዱ ግሬድ ነጥብ አለው፣ ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ኤፍ ዜሮ። ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት (ኮርሱ በሚይዘው ክብደት) ይባዛል፣ ሁሉም ይደመርና ለጠቅላላ ክሬዲቱ ይካፈላል። አምስት ኮርስ ወሰዳችሁ እንበል፣ ሁሉም 3 ክሬዲት፣ ኤ፣ ኤ ማይነስ፣ ቢ ፕላስ፣ ቢ እና ሲ ፕላስ አመጣችሁ። 12 ሲደመር 11.25 ሲደመር 10.5 ሲደመር 9 ሲደመር 7.5፣ 50.25 ይሆናል፣ ለ15 ሲካፈል 3.35። ጥሩ ውጤት ነው። አሁን ያቺ ሲ ፕላስ ኤፍ ብትሆን ድምሩ 42.75 ይሆንና ውጤቱ 2.85 ይወርዳል። በአንድ ኮርስ ብቻ። እና በሁለተኛው ሴሚስተር ወደዛው 3.35 ለመመለስ፣ ክሬዲቱ እኩል ከሆነ፣ 3.85 ማምጣት አለባችሁ፣ ማለትም ሁሉም ኤ ሆኖ ሁለት ሶስት ቦታ ብቻ በትንሹ ዝቅ ማለት ትችላላችሁ። ለዚህ ነው የመጀመሪያዋ ሚድ የምታስፈራኝ፣ ፍሬሽ እሷን እንደ ሙከራ ይወስዳታል፣ ሂሳቡ ግን አይረሳም።

ስለዚህ ክላስ የተጀመረ ቀን ኮርስ አውትላይኑን ያዙ፣ ከስንት ምን እንደሚያዝ እዛ ላይ ተጽፏል፣ ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ ሚድ፣ ፋይናል። አሳይመንት የግሩፕ ከሆነ ስማችሁ ብቻ እንዲጻፍ አትፍቀዱ፣ የራሳችሁን ክፍል ስሩ። ሎጂክ በሽምደዳ አይሄድም፣ መልመጃውን በእጅ እየሰራችሁ ነው የሚገባው። ማት ላይ ክፍተት ያለበት ልጅ ቱቶሪያል ካለ ይግባ፣ ከሌለ አንድ ጎበዝ ልጅ ፈልጎ በሳምንት ሁለት ቀን ባዶ ክላስ ይዞ አብሮ ይስራ። የድሮ ፈተና ሰብስቦ መስራትም ጥሩ ነው፣ ግን ሃንድአውቱን ካነበባችሁ በኋላ ነው የሚጠቅመው። ላይብረሪ የምታመሹ ሴት ተማሪዎች መመለሻውን በቡድን አድርጉት፣ ሰዓቱን ከዶርም ልጆች ጋር ተነጋገሩ።

ፈተና ላይ አስኮርጁኝ ብሎ የሚለምናችሁ ልጅ ይኖራል፣ ጓደኛም ሊሆን ይችላል። አይሆንም በሉ። ከተያዘ ከግቢ የሚያሰናብት ጉዳይ ነው፣ ደሞ አሁን መውጫ ፈተና አለ፣ ከ2015 ጀምሮ 50 ፐርሰንት ያላመጣ አይመረቅም፣ እዛ ላይ ማንም አጠገባችሁ አይቀመጥላችሁም።

5. ሲያማችሁ ወይ ሲከብዳችሁ

የግቢ ክሊኒክ አለ፣ አይዲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፋል። በፈተና ቀን ከታመማችሁ ወረቀቱን የዛኑ ቀን ያዙ፣ ከሳምንት በኋላ «አሞኝ ነበር» ማለት አያስኬድም።

ከሁሉም ይሄንን ልብ በሉልኝ። የዶርሜ ልጅ ነበር፣ አባቱ ታመመ ተባለና ማታ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ ለማንም አልፈረመም፣ ዊዝድሮው የሚባል፣ ትምህርትን በደንቡ ፈርሞ የማቋረጥ ነገር እንዳለም አላወቀም፣ ለሁለት ወር ቀረ። ሲመለስ ኮርሶቹ በሙሉ ኤፍ ሆነው ጠበቁት። ከሄደ በኋላ ደውለን ብንነግረው ኖሮ ይስተካከል ነበር፣ እኛም አላወቅንም። ትምህርት ለማቋረጥ የሚያስገድድ ነገር ከመጣ፣ ሀዘን ይሁን ህመም ይሁን የገንዘብ ችግር፣ ከመውጣታችሁ በፊት ሪጅስትራር ሂዱና የዊዝድሮው ፎርም ሙሉ፣ ክሊራንስ (የግቢ ንብረት መመለሳችሁን የሚያሳየውን ወረቀት) ጨርሱ፣ ኮፒውን ያዙ። እሱ ካለ ሪአድሚሽን ጠይቃችሁ ትመለሳላችሁ። መሄድ ካቃታችሁ የክላስ ተጠሪውን ወይ አንድ መምህር ጠይቁ።

ናፍቆቱ ደሞ አለ፣ በተለይ በሶስተኛው ሳምንት፣ ግርግሩ አልፎ ሁሉም ነገር ዝም ሲል። እናት ጋ ደውሎ «ደህና ነኝ» ብሎ ስልኩን ዘግቶ ማልቀስ የብዙ ልጅ ነው፣ ወንዱም ሴቷም። ካፌ ብቻውን የሚበላ ልጅ ካያችሁ ትሪያችሁን ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ክላስ መግባት ካስጠላ፣ ሳምንት ካለፈው፣ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄዳችሁ የምክር አገልግሎት ጠይቁ።

6. ሴሚስተሩ ሲያልቅ

የተዋሳችሁትን መጽሀፍ መልሱ፣ ሎከራችሁን ቆልፉ ወይ እቃችሁን ለፕሮክተሩ አስመዝግቡ። ግሬድ ሲለቀቅ ቤት ሆናችሁም ቢሆን የዛኑ ቀን እዩት፣ ከጠበቃችሁት በጣም የራቀ ካለ መምህሩን በትህትና ጠይቁና ኮምፕሌይን ፎርም አስገቡ፣ ጊዜው ጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ የመደመር ስህተት የሚታረመው በዛ ጊዜ ነው። እኔ አንድ ኮርስ ላይ ሚዴ ሳይደመር ቀርቶ ነበር፣ ጠየቅኩ፣ መምህሩ ወረቀቱን አውጥተው አዩ፣ ሲው ቢ ሆኖ ተስተካከለልኝ።