የማውስ ማስጀመሪያው በድንገት ዝም የሚልበት ምክንያትና መፍትሔው

ለዊንዶውስ የሠራሁት ፕሮግራም ማስጀመሪያ የማውሱ መካከለኛ ቁልፍ ሲጫን በጠቋሚው ዙሪያ የፕሮግራሞችን አይከኖች በክብ የሚዘረጋ ነው። ከተጠቃሚዎች የደረሰኝ ቅሬታ ተመሳሳይ ነበር፦ ማስጀመሪያው በደንብ ሲሠራ ቆይቶ ምንም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ ዝም ይላል፤ ተዘግቶ ሲከፈት ግን ይሠራል። ፍንጩ የተገኘው አንድ ተጠቃሚ ችግሩ የጀመረው በኔትወርክ ድራይቭ (በኔትወርክ በኩል በሚደረስበት የሌላ ኮምፒውተር ዲስክ) ላይ ላለ ፕሮግራም አቋራጭ ካስገባ በኋላ መሆኑን ሲጽፍልኝ ነው፤ እንዲህ ያለ አንድ አስተያየት ከብዙ «አይሠራም» ይበልጣል።

ፕሮግራሙ የማውሱን ጠቅታ የሚከታተለው ዝቅተኛ ደረጃ ሁክ (low-level hook) በሚባለው፣ ዊንዶውስ እያንዳንዱን የማውስ ክስተት አስቀድሞ ለፕሮግራሙ በሚያሳይበት መንገድ ሲሆን፣ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ የሁኩ ተግባር (ክስተቱን የሚቀበለው የኮድ ክፍል) ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ከዘገየ ሥርዓቱ ለፕሮግራሙ ሳያሳውቅ ሁኩን ሊያነሣው ይችላል። አይከኖቹ የሚጫኑት በዚያው ተግባር ውስጥ ስለነበር የኔትወርክ ድራይቩ ሲዘገይ ገደቡ ያልፍ ነበር። ገደቡን በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት ቋት) ማስረዘም ይቻላል፤ ነገር ግን በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 10 እትሞች ከ1 ሴኮንድ ስለማይበልጥ አልመክረውም።

ሁኩን መልእክት ከመቀበል በቀር ሌላ ሥራ ወደሌለው የራሱ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) አዛወርሁት፤ ተግባሩም አሁን የቁልፉን መጫንና የጠቋሚውን ቦታ በመልእክት ወረፋ ለዋናው መስኮት አስተላልፎ ወዲያው ይመለሳል። አይከኖቹ ፕሮግራሙ ሲነሣ ከበስተጀርባ ይጫናሉ፤ ላልደረሰው ባዶ ክብ ቦታውን ይይዝለታል። ከዚያ ወዲህ የመጣው አዲስ አስተያየት ጠቋሚው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ሲሆን ክቡ ይቆረጣል የሚል ሲሆን፣ ይህም መሃሉን በራዲየሱ ያህል ከጠርዙ በማራቅ ተፈትቷል።