ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት

አሜሪካ በገባሁ በአራተኛው ወር፣ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ቴክስት ገባልኝ። «በካርድዎ 486 ዶላር ተከፍሏል፤ እርስዎ ካልሆኑ እዚህ ይጫኑ» ይላል። ደንግጬ ሊንኩን ነካሁት። የተከፈተው ገጽ የባንኬን ቀለምና ምልክት ይዟል። የካርዱን ቁጥርና ከጀርባው ያሉትን 3 አሃዞች ሞላሁ። ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ በትሕትና «ከባንክዎ ነው፣ አሁን የሚደርስዎትን ኮድ ያንብቡልኝ» አለኝ። ኮዱ 6 አሃዝ ነበር፤ ከሥሩ «ለማንም አይስጡ» ይላል። እሱን ሳላነብ ቁጥሩን ጠራሁለት።

ያ ኮድ ካርዴን የሌባው ስልክ ላይ ለመጫን የቀረችው አንዲት ቁልፍ ነበረች። ከዚያ በኋላ ካርዱ ኪሴ ውስጥ እያለ ሌባው በስልኩ እየከፈለ ገበያ ወጣ።

ያዳነኝ ካርዱ ክሬዲት፣ ማለትም በባንኩ ብድር የሚከፈልበት መሆኑ ነው። በአሜሪካ ሕግ ክሬዲት ካርዳችሁን ሌላ ሰው ያለ ፈቃዳችሁ ቢጠቀምበት ከ50 ዶላር በላይ አትጠየቁም። ዴቢት ግን በቀጥታ ከራሳችሁ አካውንት ይወስዳል፣ ሕጉም ሰዓት ይቆጥርባችኋል። ካርዱ መጥፋቱን ወይም መሰረቁን ባወቃችሁ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካስታወቃችሁ ኪሳራችሁ እስከ 50 ዶላር ነው፤ ከዘገያችሁ እስከ 500 ይደርሳል። የሂሳብ መግለጫው ከተላከላችሁ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የተወሰደው ሁሉ ቀልጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኦንላይን ዕቃ ስትገዙ በዴቢት አትክፈሉ።

እኛን ልዩ የሚያደርገን ይሉኝታችን ይመስለኛል። ሰው በአክብሮት እያናገረን ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ነውር ሆኖ ነው ያደግነው። በዚያ ላይ «ከኢሚግሬሽን ነው» ሲባል ልባችን ይርዳል። ዝጉበት። ታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኛችሁ በፖስታ በሚልከው ደብዳቤ ነው። ኢሚግሬሽንም ሆነ ሌላ የመንግሥት ቢሮ በጊፍት ካርድ ክፈሉ አይልም። ስክሪኑ ላይ የባንካችሁ ስም ቢወጣም አትመኑት፤ የደዋይ ቁጥር በቀላሉ ይመሰላል። ዘግታችሁ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ይኑር እንደሆነ ጠይቁ።

«የመንገድ ክፍያ አለብህ»፣ «ዕቃህ ፖስታ ቤት ቆሟል» የሚሉ ቴክስቶችም እንደዚያው ናቸው። ሊንኩን ሳትነኩ የማጭበርበሪያ ቴክስት ወደሚጠቆምበት ቁጥር፣ ወደ 7726፣ መልሳችሁ ላኩትና አጥፉት። የዲቪ ውጤት የሚጠብቅ ዘመድ ካላችሁም ንገሩት፤ አሜሪካ መንግሥት «ደርሶሃል» ብሎ ኢሜይል አይልክም፣ ውጤቱ የሚታየው ራሱ የዲቪው ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ሲያይ ብቻ ነው።

ሶሻል ላይ፣ ማለትም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችን ላይ፣ ቆም ልበል። ስንመጣ ፎርም የሚሞላልን ዘመድ ወይም ጓደኛ አለ፤ ለእሱ ብለን የሶሻል ካርዱን ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንልካለን። ፎቶው ከዚያ በኋላ የት እንደሚዞር ማን ያውቃል? ያንን 9 አሃዝ ያለው ቁጥር ያገኘ ሰው በስማችሁ ብድር ሊወስድ፣ ስልክ ሊያወጣ ይችላል። ካርዱን ቤት አስቀምጡ፣ የተላኩትን ፎቶዎች ከሁለቱም ስልክ አጥፉ።

ከዚያ ማንም በስማችሁ ብድር እንዳይከፍት ክሬዲታችሁን፣ ማለትም የብድር ታሪካችሁን፣ አስቆልፉ። ይህን ታሪክ የሚይዙ ኢኪዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን የሚባሉ 3 ድርጅቶች አሉ፤ ሦስቱም ጋ ለየብቻ ነው የሚጠየቀው። ከ2018 ጀምሮ በሕግ ነጻ ነው፤ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ሌላ ነገር እየሸጠላችሁ ነው። ቤት ስትከራዩ ወይም መኪና ስትገዙ በኦንላይን ወይም በስልክ ከጠየቃችሁ በ1 ሰዓት ውስጥ መክፈት አለባቸው። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆቻችሁም ወላጅ ሆናችሁ ማስቆለፍ ትችላላችሁ።

ከተሰረቃችሁ ደግሞ አታፍሩ። እኔ በኀፍረት ለማንም ሳልናገር ሁለት ቀን ቆይቼ ነበር፤ ሌባው በእነዚያ ሁለት ቀናት ሲገዛ ሰነበተ። መጀመሪያ ባንኩ ካርዱን ይዝጋው፣ ቀጥሎ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ገቭ (IdentityTheft.gov) የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ አመልክቱ፤ ለባንክና ለፖሊስ የምታሳዩት ሪፖርት እዚያ ታገኛላችሁ።

ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን የባንኩን ቁጥር ግን ዛሬውኑ ደብተር ላይ ገልብጣችሁ ቤት አስቀምጡት፤ ካርዱ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል።