ዘቢቡ የት ሄደ? የሼሪ በርሜል ውስኪ ሲቀመስ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሼሪ (አልኮል የተጨመረበት የስፔን ወይን) በነበረበት በርሜል ያረጀ ሲንግል ሞልት፣ ማለትም ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የወጣ የገብስ ብቅል ውስኪ፣ ርካሽ አይደለም። ካርቶኑ ላይ «ዘቢብ፣ ተምር፣ ቀረፋ፣ የብርቱካን ልጣጭ» ተብሎ ተጽፎ፣ ሲቀመስ ክብሪት ክብሪት ካለ ወይም ጉሮሮ ከማቃጠል ሌላ ምንም ከሌለው፣ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ቢበሳጭ አይፈረድበትም። አንዳንዱ ጥፋት የብርጭቆው፣ የውሃው ወይም የክፍሉ ነውና እዚያው ይስተካከላል። አንዳንዱ ግን ከበርሜሉ ጋር የመጣ ነው፤ ምንም ብትሉት አይለቅም። ሥራው ሁለቱን መለየት ነው።

አፍንጫ ይሰነፍጣል እንጂ ሌላ ሽታ የለውም

ከብርጭቆው ጀምሩ። አፈ ሰፊው የውስኪ ብርጭቆ ለበረዶ ይመቻል፤ ሽታን ግን ይበትናል። ግሌንኬርን እንደሚባለው የውስኪ መቅመሻ ብርጭቆ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሻላል፤ ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። በብርሌ የሚሞክርም አይጠፋም፤ አንገቱ አፍንጫ አያስጠጋምና ለጠጁ ተዉት። ስታሸቱ አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጉ፤ አፍንጫችሁን ወደ ውስጥ አትንከሩት።

ይህ ካልረዳ የአልኮሉን መጠን አንብቡ። የስኮትች (የስኮትላንድ ውስኪ) ዝቅተኛው 40 ከመቶ ነው፤ የሼሪ ወዳጆች የሚሯሯጡላቸው ግን ከዚያ እጅግ የከበዱ ናቸው። ግሌንፋርክላስ 105 ለምሳሌ 60 ከመቶ ነው (105 የሚለው ቁጥር የድሮው የእንግሊዝ አለካክ ነው፣ አትደንግጡ)። 30 ሚሊ ሊትር ባለ 60 ከመቶ ውስኪ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ብትጨምሩ ወደ 51 ይወርዳል፤ ሁለተኛው ማንኪያ 45 ያደርሰዋል። በአንዴ አትገልብጡት፤ በጠብታ እየጨመራችሁ አሽትቱ። ዘቢቡና ቀረፋው ብቅ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ መሀል ነው።

ውሃው ጋዝ የሌለው ይሁን። ውስኪና አምቦ ውሃ የቆየ ወዳጅነት አላቸው፤ ለጨዋታ ይስማማሉ። ሲቀመስ ግን ጋዙ ምላስ ይቆነጥጣል፣ ስስ ስሱ ጣዕም አይሰማም። በረዶ ደግሞ ሽታውን ያስረዋል፤ በሼሪ ውስኪ ደግሞ የተከፈለው ለሽታው ነው።

ክብሪት፣ የተቃጠለ ጎማ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል

የሼሪ ውስኪ ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ተጠያቂው ድኝ ነው።

ውስኪውን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ቤቱን አጣሩ። ቡና ተፈልቶ ዕጣን ከተጨሰ፣ ከሰል ከተቀጣጠለ ወይም ክብሪት ከተጫረ ሌላ ክፍል ግቡ፤ ባዶውንም ብርጭቆ አሽትቱት። ከዚያ ጥቂት ጠብታ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ሁለት እጃችሁን አሹ። አልኮሉ ወዲያው ይተናል፤ መዳፍ ላይ የሚቀረው የገብሱና የበርሜሉ ሽታ ነው። ዘቢብና ማር ከሸተተ ችግሩ የብርጭቆው ወይም የክፍሉ ነበር። ክብሪቱ መዳፋችሁም ላይ ካለ ከጠርሙሱ ነው።

ድኙ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው በርሜሉ ነው። ወይኑ ወጥቶ ባዶ የቀረ በርሜል እንዳይሻግት ወይም እንዳይሆመጥጥ ውስጡ በድኝ ይታጠናል፤ ይህ የወይን ሰዎች የቆየ ዘዴ ነው። ቅሪቱ እንጨቱ ውስጥ ይቆይና በኋላ የሚሞላው ውስኪ ይጠጣዋል። ሁለተኛው ራሱ አረቄው ነው። ድፍድፉ ሲብላላ የድኝ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ በመዳብ ማውጫ ሲያልፍ መዳቡ ብዙውን ይይዝለታል። እንፋሎቱ መዳብ ብዙ በማይነካበት ፋብሪካ ግን ይተርፋል። ሞርትላክና ክሬጌላኪ የተባሉት የስኮትላንድ ፋብሪካዎች እንፋሎቱን ዛሬም ውሃ ገንዳ ውስጥ በተጠመጠመ ቱቦ ያቀዘቅዛሉ፤ የሚያወጡት ወፈር ያለ፣ ሥጋ ሥጋ የሚል ነው። እሱ ጥፋት አይደለም፣ ጠባያቸው ነው።

መፍትሄው አየር ነው። ብርጭቆው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ክብሪት ክብሪት የሚለው ቀለል ያለው ሽታ በብዛት ይሄዳል፤ የጎማውና የእንቁላሉ ግን ግትር ነው። ውሃ አንዳንዴ ይብስ ያወጣዋልና ለዚህ ችግር ውሃን መጀመሪያ አትሞክሩ። ጠርሙሱን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ብርጭቆ ቀድታችሁ ለጥቂት ሳምንት ብታስቀምጡት ይለሰልስ ይሆናል። ካልሆነ አይሆንም። ድኝ ጨርሶ የማይሰማው ሰው ግን አለ፤ ከጓደኞቻችሁ መሀል ፈልጉት፣ ጠርሙሱ የሱ ነው። እኔ በበኩሌ ትንሽ ክብሪት ያለበትን ፍጹም ጣፋጭ ከሆነው እመርጣለሁ፤ ጣፋጩ ቶሎ ይሰለቻል።

ዘቢብ የለ፣ ተምር የለ

እዚህ ጋ መልሱ መለያው ላይ ነው። «ፊኒሽ» የሚል ካለበት ውስኪው ብዙውን ዕድሜውን ያሳለፈው በሌላ በርሜል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀድሞ የቡርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) በርሜል፣ ነው፤ ሼሪ ያየው መጨረሻ ላይ ነው። ባልቬኒ ደብልውድ ለምሳሌ ወደ ሼሪ በርሜል የሚዛወረው ለወራት ብቻ ነው። ጥሩ ውስኪ ነው፤ በዘቢብ የታጨቀ የፈረንጅ ገና ኬክ ግን አይጠበቅበትም። ሙሉ ዕድሜውን በሼሪ የኖረ ከፈለጋችሁ ግሌንፋርክላስን ወይም ግሌንድሮናክ 12ን ፈልጉ።

ሼሪውም አንድ ዓይነት አይደለም። ፔድሮ ሂሜኔዝ ወይኑ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚሠራ በመሆኑ ዘቢብና በለስ የሚያመጣው እሱ ነው። ኦሎሮሶ ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ፣ ነው፤ ለውዝ፣ ቅመምና የብርቱካን ልጣጭ ያዘነብላል። ፊኖ የተባለው ነጣ ያለ ደረቅ ሼሪ ከሆነ ደግሞ ዘቢብ መጠበቅ የራስ ጥፋት ነው።

በርሜሉ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነም ይለያል። «ፈርስት ፊል» የተባለው ከሼሪ በኋላ ውስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞላበት ነው፤ «ሪፊል» ከሆነ ብዙውን ጣዕም የቀደመው ውስኪ ወስዶታል። ድሮ ሼሪ ከደቡብ ስፔን፣ ከሄሬዝ አካባቢ፣ ወደ ብሪታንያ በበርሜል ይጫን ነበር፤ ባዶውን የስኮትላንድ ፋብሪካዎች ይወስዱታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሼሪው እዚያው ስፔን እንዲታሸግ ሲደረግ ያ ምንጭ ደረቀ። ዛሬ አብዛኛው በርሜል ለውስኪ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ያህል ሼሪ ይቀመጥበትና ይላካል። ስለዚህ «ሼሪ በርሜል» ሲባል ለመቶ ዓመት ሼሪ ሲያረጅበት የኖረ ጓዳ በዓይነ ኅሊናችሁ አትሳሉ።

ቀለሙ አያታላችሁ። ስኮትች ውስጥ የካራሜል ቀለም መጨመር በሕግ የተፈቀደ ነውና የጠቆረ ሁሉ ሼሪ የጠጣ አይደለም። ጀርመን ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚያ ቀለም ካለበት ጠርሙሱ ላይ «ሚት ፋርብሽቶፍ» (ቀለም ያለበት) ተብሎ መጻፍ ግዴታ ነው።

ምላስ ያደርቃል፣ ይመራል

ከበርሜሉ እንጨት የሚወጣው ታኒን ነው፤ ሲፈላ የቆየ ሻይ አፍ የሚያጣብቀው በዚሁ ነው። በርሜል የሚሠራበት የአውሮፓ ኦክ እንጨት ከአሜሪካው የበለጠ ታኒን አለው፤ ውስኪው በበርሜሉ ብዙ ሲቆይም ይጨምራል። ትንሽ ውሃ ያላላዋል። ዕድሜው የገፋ ውስኪ ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ብዙ መክፈል ግን ለዚህ ችግር መጋበዝ ነው፤ ለሼሪ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያለው ለኔ ይበቃኛል።

ውሃ ሲገባበት ደፈረሰ

ምንም አልሆነም፣ ጠጡት። በቅዝቃዜ ያልተጣራ ውስኪ ውስጥ የቀሩ ቅባታማ ውህዶች ናቸው።

ሲከፈት ግሩም ነበር፣ አሁን ለስልሶ ሞቷል

ጠርሙሱ ውስጥ አየሩ በዝቶ ውስኪው አንሷል። ሩብ ሲቀር ወደ ትንሽ ንጹህ ጠርሙስ ገልብጡት፤ ከፀሐይ አርቁት። ቆሞ ይቀመጥ እንጂ እንደ ወይን አይጋደም፤ ጠንካራው አልኮል ቡሹን በልቶ ክዳኑን ያላላዋል።